ሁለት ወንድማማቾች በሦስት ካሜራ

የፎቶ ቤቴ ስም «አንድ ዓይን ፎቶ» ይባላል። ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ያወጣሁትም ተራቅቄ ነው። ካሜራው ቢቀያየርም የሚያየው ዓይን አንድ እስከሆነ ድረስ ሥራው ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ መሆኑ ይታወቃል ለማለት ነበር። ከተማችን አርብ ገበያ ግን እንዲህ ላለ መራቀቅ ጊዜ የላትም። ገብሱን ሸጦ የሚመለስ ሁሉ ታፔላውን አንብቦ ጎራ ይልና ፊቴን ያጠናል። «የትኛው ነው የጠፋው?» ይለኛል በሐዘኔታ። ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ሲያረጋግጥ እንደ ተታለለ ሰው ቅር ብሎት ይወጣል። አንድ አዛውንትማ ለዓይን የሚሆን ጠበል ጠቁመውኝ ነው የሄዱት።

ባለቤቴ ትርንጎ በዚህ እምነቴ አንድም ቀን ተስማምታ አታውቅም። «ዕቃ ሲለወጥ ሥራም ይለወጣል» ትላለች። «ሥራ የሰው ነው እንጂ የዕቃ አይደለም» እላታለሁ። «እስቲ ሽሮ በሸክላ ድስትም በብረት ድስትም ሥራና ልቅመስልህ።» «እኔ ሽሮ አልሠራም።» «እሱንማ አውቃለሁ» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ክርክሩን በድስት የጀመረ ሰው አይረታም።

እምነቴን የፈተኑት ግን እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው እንጂ ትርንጎ አይደለችም። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ፣ ከከተማችን ትንሽ ወጣ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ አያሌው፣ ታናሹ ደምሌ ይባላል። አንድ ቀን ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዐረፍ አሉ።

«ልጄ፣ ቤተ ልሔም ገዳም ልገባ ነው» አሉኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ሰጥተውኛል። ከእንግዲህ ወጥቼ መንደር ለመንደር የምዞር አይደለሁም።»

«እግዚአብሔር ያስፈጽምዎት» አልኳቸው።

«ይዤ የምገባው ብዙ አይደለም። ሁለቱን ልጆቼን ከእኔ ጋር በአንድ ፎቶ አድርግልኝ።»

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው የሚያውቀውን ለማያውቀው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ተራ በተራ ያርሳል። መቀናጆ እንለዋለን። መቀናጆ ከጋብቻ አያንስም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ተስማምተው በሬዎቹ ካልተስማሙ ነገር ይበላሻል። የአያሌው በሬ ቦራና የደምሌ በሬ ዳልቻ አብረው ሲጠመዱ ያየ ሰው የአንድ ላም ልጆች ይመስሉት ነበር። ታዲያ ከጥቂት ዓመት በፊት፣ እርሻው በተጋጋለበት ሰሞን፣ አያሌው ለወንድሙ ትንፍሽ ሳይል ቦራን ገበያ አውጥቶ ሸጠው። ለምን እንደሸጠው አልተናገረም፤ ደምሌም አልጠየቀም። ዳልቻን ብቻውን ታቅፎ ሲቀር መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠና ሚስትና ልጁን ይዞ ሲማዳ ተሻግሮ ወገዳ ላይ ሱቅ ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የንስሐ አባታቸው ተቆጡ፣ ውኃ ወቀጣ ሆነ። አርብ አርብ ሁለቱም ለገበያ ይመጣሉ፤ አንዱ ከላይ ሲገባ ሌላው በታች በኩል ይወጣል። ይህን አገር ያውቃል።

«እማሆይ፣ አይነጋገሩም እኮ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«አስታርቅልኝ መች አልኩህ? ለዚያማ ሰው አላጣሁም። ፎቶ አንሣልኝ ነው ያልኩህ።»

«ለየብቻ ባነሣቸውስ?»

«ለየብቻማ አሉኝ» አሉና ወደ ደጅ አዩ። አንጀቴን በሉት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ሁለቱም ሳላውቃቸው ደርሰውብኛል። «ቀላል ነው፣ እማሆይ» አልኳቸው። ያሰብኩት ሦስቱንም በያሉበት አንሥቼ በኮምፒውተር ቆርጦ መገጣጠም ነው። ዓይኑ የእኔ ነው፣ እጁ የእኔ ነው፤ ማን ይለየዋል? እማሆይን እዚያው መጋረጃው ፊት፣ በደህናው ካሜራዬ፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ አነሣኋቸው።

«የልጆቹን ቦታ ትተህላቸዋል?» አሉኝ ሲነሡ።

«በግራም በቀኝም ትቻለሁ።»

«በርታ። ጾም ሳይገባ ልሂድ ብያለሁ» ብለው መርቀውኝ ወጡ።

ምርቃቱ ገና ሳይደርቅ በማግሥቱ መብራት ጠፋ። መጥፋቱስ ልማዱ ነው፤ ክፋቱ ሲመለስ ነው። ተቆጥቶ የመጣ ይመስል የካሜራዬን ቻርጀር ጢስ አድርጎት ዐረፈ። ካሜራው በቀረችው ጉልበት አንዴ ብልጭ ብሎ አየኝና ድርግም አለ። በከተማው ያለውን ሱቅ ሁሉ ብዞር የስልክ እንጂ የካሜራ ቻርጀር የሚሸጥ አጣሁ። ግድ የለም አልኩ፣ ካሜራ ዕቃ ነው። አያሌውን በትርንጎ ስልክ ላነሣው ሄድኩ።

የትርንጎ ስልክ አንድ አመል አለው። ሰውን ሳያሳምር ፎቶ አያነሣም። የእህቷ ልጆች ለበዓል መጥተው እንዲያ አድርገውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ትርንጎም ለመመለስ የተጣደፈች አይመስለኝም።

አያሌውን ያገኘሁት አውድማ ላይ ነው። ገለባ ለብሶ፣ ላቡ በጢሙ ላይ እየወረደ፣ መንሽ ይዞ እህል ያዘራል። ለእማሆይ ፎቶ እንደሆነ ስነግረው ሥራውን አቆመ።

«ብቻዬን ነው?» አለኝ በጎሪጥ እያየ።

«አሁን ብቻህን ነህ» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ብቻውን ነበር። «በል ቀኝ እጅህን ወደ ጎን ዘርጋና አሳርፈው።»

«ምን ላይ?»

«ዝም ብለህ አየር ላይ።»

«አየር ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለና መንሹን መሬት ላይ ተክሎ እጀታውን ጨምድዶ ያዘ። እሱ ከፍታው ላይ ነው፤ እኔ ዝቅ ብዬ ገለባ ውስጥ ተንበርክኬያለሁ። ፀሐዩ ስልኩ ላይ አብረቅርቆ የሚታይ ነገር የለም። በደመ ነፍስ ተጫንኩትና ተመለስኩ።

ለደምሌ ደግሞ የተሻለ ካሜራ ይሻላል ብዬ እስቴ ድረስ ሄድኩ፤ እዚያ ይርጋ የሚባል የሙያ ጓደኛ አለኝ። ይርጋም ቻርጀር አልነበረውም። «ካሜራዬን ውሰድ» አለኝ። «ትንሽ ሰማያዊ ያደርጋል እንጂ ጨዋ ነው።» ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ በአይሱዙ ላይ ወደ ወገዳ ተጫንኩ። የዚያን መንገድ ነገር ባወራው ወጉ ሌላ ይሆናል፤ ብቻ ካሜራውን በሆዴ አቅፌ እንደ እርጉዝ ነው የደረስኩት።

ደምሌ ከሱቁ ንቅንቅ አልልም አለኝ። ደንበኛ በዝቶ ነበርና ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ ስኳር እየመዘነ አንሣኝ አለ። ባንኮኒው አላሳይ ሲለኝ የጨው ከረጢት ላይ ወጥቼ ከላይ ወደ ታች አነሣሁት። እሱም «ብቻዬን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ለእሱም ያንኑ መለስኩለት። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቤቴ ተመልሼ ሦስቱን ኮምፒውተር ላይ ስደረድራቸው፣ ምኑን ልንገራችሁ፣ ጉድ ነው የፈላው። እማሆይ ብቻ የሰው መልክ አላቸው። አያሌው ሻማ መስሏል፤ ጢሙ የለም፣ ግንባሩ ላይ የነበረው መስመር ሁሉ ተተኩሷል፣ ከንፈሩ ቀልቷል። ደምሌ ደግሞ በሰማያዊ ብርሃን ተነክሮ ከወንዝ የወጣ ይመስላል፤ ደረቱ ላይ የይርጋ ካሜራ ከራሱ አፍልቆ የጻፈው የፈረንጅ ቀን አለ። አንዱ ጥላው ወደ ግራ፣ ሌላው ጥላው ወደ ቀኝ ወድቋል። ከታች የተነሣው አያሌው ዋርካ አክሏል፤ ከላይ የተነሣው ደምሌ ከወንድሙ ብብት አያልፍም።

ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? እኔ ግን ብሶብኝ ማሳመር ጀመርኩ። በደምሌ ደረት ላይ ያለውን ቀን ለመሸፈን ጋቢ ቀጠልኩለት። መንሹን ቆርጬ ጣልኩና የአያሌውን እጅ፣ በእማሆይ ጀርባ በኩል አሳልፌ፣ ደምሌ ትከሻ ላይ አሳረፍኩት። በእውነት ልቤ ተነካ። ትርንጎን ጠራኋት።

«ይህቺ ነጭ ሴት ማን ናት?» አለችኝ።

«አያሌው ነው።»

«ይኸኛውስ ምን ሆኖ ነው? በረዶ መትቶት ነው?»

«ትርንጎ፣ ዋናው ዓይኑ አንድ መሆኑ ነው።»

«አዎ፣ እሱም ታሟል» አለች። በትልቁ አትሜ፣ እማሆይ አርብ መጥተው እስኪወስዱት ድረስ፣ መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የረሳሁት ነገር አለ፤ እኛ አገር የተጣላ ሰው በተጣላው ሰው ትከሻ ላይ እጁን አያሳርፍም። ካሳረፈ ታርቋል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። መልኩን ማንም አላየም፤ ሁሉም ያየው እጁን ነው። ወሬው ከፎቶ ቤቴ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት አይሱዙ ላይ ወጥቶ ወገዳ ደረሰ። የጎረቤቴ ሚስትማ በመስኮቱ አልፋ እልል ብላ ሄዳለች።

አርብ ረፋዱ ላይ አያሌው ዱላውን ይዞ ገባ።

«ማን ነው ያስታረቀኝ?» አለኝ።

«አያሌው፣ ቁጭ በል…»

«ከገበያው መግቢያ ጀምሮ እንኳን ለዕርቅ አበቃህ ያላለኝ ሰው የለም። ማነው ያስታረቀኝ?» ፎቶውን ከመስኮቱ አንሥቶ ትክ ብሎ አየው። ጣቱን ሻማው ሰው ላይ አደረገ። «ይህ ማን ነው?»

«አንተ ነህ።»

በመዳፉ አገጩን ዳሰሰ። «ጢሜስ?» አለኝ። ድምፁ የጠፋ በግ የሚያፈላልግ ሰው ድምፅ ነበር።

መልስ ሳላበጅለት ደምሌ በሩ ላይ ቆመ። ገበያው ላይና ታች አለው፤ የእኔ ቤት ግን አንድ በር ብቻ ነው ያላት። ወንድሙን ሲያይ ለመመለስ አሰበ፤ ከኋላው ግን ሰው ተኮልኩሎ መውጫ አልነበረውም። ወደ እኔ ዞረ።

«ለዚህ ሰውዬ ንገረው» አለኝ፣ ከአያሌው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ። «እኔ በዕድሜዬ ከእሱ ብብት በታች ሆኜ አላውቅም በለው።»

«ከብብትህ በታች ሆኖ አያውቅም ይላል» አልኩ።

«እኔም ነው አላልኩም በለው» አለ አያሌው።

«ነው አላልኩም ይላል።»

«እጁን ትከሻዬ ላይ የጫነው ምን ቢያስብ ነው በለው።»

«ምን አስበህ ነው ይላል» አልኩና የባሰ ነገር እንዳይመጣ እውነቱን ተናገርኩ። «እጁስ ትከሻህን አልያዘም፤ መንሽ ነው የያዘው። መንሹን ቆርጬ ጥዬ ነው።»

ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ» አለኝ አያሌው፣ «የወንድሜን ትከሻና የመንሽ እንጨት አንድ አደረግከው?»

ወንድሜን አለ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው፤ አያሌው ራሱም ሰማው መሰለኝ ፊቱን ወደ ፎቶው መለሰ። ደምሌም ወደ ፎቶው ጠጋ አለ። አሁን ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው እኔን መውቀስ ጀመሩ።

«እስቲ የእኔን ቀለም እይ። አስከሬን አይመስልም?» አለ ደምሌ።

«አንተስ አስከሬን ነህ። እኔን ሙሽራ አድርጎኛል እኮ።»

«ቁመቱንስ? ቁመታችን እንዲህ ነው?»

«የት አባቱ። ና እስቲ ጀርባህን ስጠኝ» አለና አያሌው ዱላውን ጥሎ ቆመ። ጀርባ ለጀርባ ተለካኩ። ከበሩ ላይ አንዱ «እኩል ናቸው» ሲል ሌላው «ታናሹ በፀጉር ይበልጣል» አለ። እኔ ጥግ ይዤ የወለል ጣውላ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

ደምሌ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ወደ ግድግዳው እያየ፣ «ቦራን ለምን ሸጥከው?» አለ።

በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ።

«ልጅህን ሊወጋት ሁለት ጊዜ ተወርውሮባት ነበር» አለ አያሌው። እሱም ዞሮ አላየውም። «አንድ ቀን በአጥር አመለጠች። ብነግርህ ያን ጊዜውኑ በመጥረቢያ ትጥለው ነበር። የምትሳሳለት በሬ እንደነበር ደግሞ አውቃለሁ። ከሰፈር ይውጣ አልኩ።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብትጠይቀኝስ ምን ነበረበት?»

«የሸጥከው አንተ፣ የምጠይቀው እኔ?»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

ዞረው ፊት ለፊት ገጠሙና ጸብ ጸብ የሚል ነገር ተነሣ፤ ዱላ ቀረሽ ነው የምላችሁ። የዓመታት ነገር ባንድ ጊዜ ወጣ። ዳልቻ ብቻውን ሲያላዝን እንዳደረ፣ አያሌው የደምሌን ማሳ እኩል አራሹ ሲያበላሸው እያየ እንዴት እንደተቃጠለ፣ የማን ሚስት ለማን ሚስት ሰላምታ እንደከለከለች፣ ሁሉም ተዘረገፈ። በዚህ መሀል በሩ ላይ ያለው ሕዝብ ገለል ገለል አለ። እማሆይ ናቸው፤ ፎቶአቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። ገብተው ወንበሩ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ተቀመጡ። ልጆቻቸው አላዩአቸውም፤ ከአናታቸው በላይ ይጯጯሃሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

እጄ ምን እንደነካው አላውቅም፣ የትርንጎን ስልክ ከባንኮኒው አንሥቼ ተጫንኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትገምታላችሁ። ደምሌ እናቱን ድንገት ሲያይ አፉን ዘጋ፣ አያሌውም ዘጋ፣ ሁለቱም የእናታቸውን ጉልበት ሳሙ፣ በሩ ላይ ያሉ አዛውንቶችም ገብተው እርስ በርስ አሳሳሟቸው። ዕርቁ ሲያልቅ ደምሌ «ለመሆኑ ደህና ካሜራ የለህም?» አለኝ። የቻርጀሬን ታሪክ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና ለገበያ ካመጣው ሸቀጥ መካከል አንድ ቻርጀር መዘዘ። ወገዳ ላይ የጨው ከረጢት ላይ ቆሜ ሳነሣው ይኸው ቻርጀር በላዩ ተንጠልጥሎ ነበር ለካ። ተቀብዬ ሰካሁት።

ባትሪው እስኪሞላ ጠላ ሲጠጡ ቆይተው ተመለሱ። ያኔ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ መጋረጃ ፊት አነሣኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። ጢም በቦታው፣ ቁመት በልኩ፣ ጥላ ወደ አንድ ወገን። ሦስቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ችሎት ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብለው ሌንሱን ያያሉ። ትርንጎ እንኳን አይታ «አየህ፣ ዕቃ ነው» ብቻ አለች።

አትሜ ለእማሆይ ሰጠኋቸው። ከሥሩ ደግሞ ለሳቅ ብዬ በስልኩ ያነሣሁትን አያይዤ ነበር። ደህናውን ተቀብለው አዩ፤ «ያምራል» አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን አወጡና ዓይናቸው አጠገብ አመጡት። በዚያኛው አያሌው እንደገና ሻማ ሆኗል። ደምሌ ግማሽ አካሉ ከፎቶው ውጪ ነው፣ የገባው ግማሽ ጣቱን ወንድሙ አፍንጫ ላይ ቀስሯል። ከኋላ የማላውቃቸው ሰዎች ጭንቅላት አለ፤ እማሆይ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ደህናውን ፎቶ ባንኮኒዬ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«እማሆይ፣ እሱ እኮ የተበላሸው ነው» አልኳቸው ደንግጬ። «ማንም ወደ ካሜራው አላየም። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተዋል።»

«አዎ» አሉ ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ፣ «እየተነጋገሩ ነው።»